በቅዱሳን ፈረቃ

እኔን ያስተማሩኝ ቅዱሳን ናቸው። ይህን ስል ማንም እንዳያማትብ፤ የጽድቅ ወሬ አይደለም፣ የቀን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት የሄድኩት በበዓል ቀን ብቻ ነበር። ሚካኤል ሲሆን እማራለሁ፤ በማግስቱ ባቄላ እነቅላለሁ። ገብርኤል ሲሆን እማራለሁ፤ በማግስቱ ኩበት እጠፈጥፋለሁ። ሌላው ዓለም ትምህርቱን በሰኞና በማክሰኞ ሲከፋፍል እኔ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ዘጠኝ ነበር የምከፋፍለው።

ሕጉን ያወጣው አባቴ ነው። መንደራችን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነው፤ አባቴ በዚያ መንደር በበዓል አክባሪነት ከቄሱ የሚበልጥ ገበሬ ነበር። ቄሱ እንኳ "እህል ሜዳ ላይ ከሚበሰብስ" ብለው የሚያልፉትን ቀን እሱ አያልፍም። በበዓል ሞፈር አይነካም፣ ማጭድ አይዝም፣ እኛንም ወፍጮ አያስነካንም። መምህራን ቤት ለቤት እየዞሩ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ሲመዘግቡ የእኛንም ደጅ አንኳኩ። አባቴ ነገሩን ሲያብላላ ቆየና ፈረደ።

"ትምህርት ሥራ አይደለም፤ መቀመጥ ነው። በበዓል ደግሞ መቀመጥ የታዘዘ ነው። በበዓል በበዓሉ ትሂድ።"

"በሥራ ቀንስ?" አለች እናቴ።

"በሥራ ቀን ማን ይቀመጣል?"

ዛሬ ስለ ትምህርትና ስለ እኩልነት እያጠናሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ሆኛለሁ። የስንት አገር ሊቅ የጻፈውን አንብቤያለሁ። የድሃ ልጅ ለምን እንደማይማር የአባቴን ያህል አሳጥሮ የነገረኝ አላገኘሁም። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ደህና ሰው ነው፣ ሻይ ላይ ስንገናኝ "ገጠሩን ከትምህርት ያስቀረው የበዓል ብዛት ነው" ማለት ይወዳል። ስኳሬን አማስላለሁ እንጂ አልመልስለትም። ቅዱሳኑ ባይበዙ ኖሮ እኔ ዛሬ ሻዩ ጋ እንደማልገኝ በአንድ ስኒ የሚነገር ነገር አይደለም።

ችግሩ ታላላቆቹ በዓላት ወሩን እኩል አለመካፈላቸው ነው። በመጀመሪያው አቦና ሥላሴ አሉ፤ ከዚያ ሚካኤል፣ ከዚያ ኪዳነ ምሕረት። ከአሥራ ዘጠኝ ወዲያ ግን ይጎርፋሉ፤ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። ስለዚህ በየትኛውም የትምህርት ዓይነት የወሩ መጨረሻ ሊቅ፣ የወሩ መጀመሪያ ደንቆሮ ነበርኩ። ክፍልፋይ መደመርን በሚካኤል ተማርኩ፤ መቀነሱ በማግስቱ ስለነበር የደመርኩትን ሁሉ እንደያዝኩ ቀረሁ። የአፍሪካን ወንዞች በማርያም ቀን አወቅኋቸው፤ ተራሮቿ በሃያ ሁለት ስለተነገሩ አፍሪካ ለእኔ ሜዳ ነበረች። እንግሊዝኛው የባሰ ነው። አሁን የሚደረገውን በገብርኤል አስተማሩን፤ ትናንት የተደረገውን ያስተማሩት በሃያ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከፈረንጅ ጋር ሳወራ የሞተውንም በሕይወት ያለውንም እኩል አስኬደዋለሁ።

በዓሉ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል ደግሞ እናደድ ነበር። ሚካኤል እሑድ የዋለ እንደሆነ ሚካኤል የዘረፈኝ ይመስለኛል። እሑድ እንደሆነች ያለ እሱም በዓል ናት፤ ምን አነሳትና ነው የሚደረብባት?

መጽሐፉም ቢሆን እኛን አይቶ የተጻፈ አይመስልም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በጊዮርጊስ ቀን ስለ መንገድ አቋራረጥ ተማርን። ቀይ ሲበራ ቁም፣ አረንጓዴ ሲበራ እለፍ። መምህራችን ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ጎበዝ ነው፤ እሱም ቢሆን መብራቱን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ግን መጽሐፉ ጠይቅ ስላለው "ቀይ ሲበራ ምን ታደርጊያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። መብራት የሚበራው ሲመሽ ከሆነ እኔ ሲመሽ ከቤት እንደማልወጣ ነገርኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ነጥቡ ግን ቀረብኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ እውነተኛውን መብራት አየሁት። ተበላሽቶ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እንደ እኔ መንደር ሰው ግራ ቀኝ እያየ ነው የሚሻገረው።

መምህራኑ "የበዓል ተማሪ" የሚል ስም አወጡልኝ። እስከ ሦስተኛ ክፍል መውደቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ወዲያ እየተንፏቀቅኩ ነው ያለፍኩት። ቀሪ የሆንኩበት ቀን የተማርኩበትን ያስንቃል፤ ነገር ግን አልሰረዙኝም። አዝነውልኝ ብቻም አይደለም። ሴት ልጅ ከተሰረዘች ወደ ላይ የሚላከው የሴት ተማሪዎች ቁጥር ይጎድላል፤ ቁጥር የጎደለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ይወቀሳል። ስለዚህ እኔ ማሳ ላይ ባቄላ ስነቅል በሪፖርቱ ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። ሙያ ሆኖብኝ ብዙ ሪፖርት አነባለሁ፤ የሴት ተማሪዎች ብዛት የሚል መስመር ስደርስ ከመካከላቸው ስንቶቹ ባቄላ ላይ ናቸው እላለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ልገባ ስል ነገሩ ከረረ። ነሐሴ ላይ፣ በረዶ ገብሳችንን በመታ ሰሞን፣ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ከስማዳ በኩል ለአንድ ጎረምሳ እኔን ሊጠይቁ ነው። ጎረምሳው ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሬዎቹ ግን መልካም መሆናቸውን ያልነገረኝ የለም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የማታ ማታ ፍርድ ይወዳል። "ሚኒስትሪን ካለፈች አርብ ገበያ ገብታ ዘጠነኛን ትማራለች። ከወደቀች በጥር ውሰዷት" አላቸው። ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ነው። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። በበዓል ቀን ብቻ የምትማር ልጅ ሚኒስትሪን እንደማታልፍ ለማወቅ ማንበብ መቻል አያስፈልግም።

እኔ ግን አልፋለሁ ብዬ ነበር። ቅዱሳኑን በወጉ ከተጠቀምኩባቸው፣ የቀረውን ከጓደኛ ደብተር ከገለበጥኩ፣ አልፋለሁ። ዕቅዴ ይኸው ነበር፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ሠራ።

ጥቅምት ላይ አዲስ ርእሰ መምህር ከደብረ ታቦር መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማውን በጭቃ መሃል እንኳ ይጠርጋል። ቅንም ነው፤ የቅን ሰው ነገር ደግሞ መመለሻ የለውም። የማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚባል ነገር ተምሮ መጥቶ ኖሮ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰበሰበና "በትምህርት ቤታችን ላይ ያላችሁን ቅሬታ ንገሩኝ" አለ። ከዚያ በፊት ቅሬታ አላችሁ ወይ ያለን ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ቅሬታ ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

የንስሐ አባታችን የሆኑት ቄስ ተነሡ። "መንግሥት ትምህርት ቤት ሠራልን፤ እሰየው። ነገር ግን በሚካኤል ቀን የእኛም ደወል ይደወላል፣ የእናንተም ደወል ይደወላል። ዲያቆኖቼ የትኛውን እንደሚሰሙ ጠፋባቸው። በዓላችን ቢከበርልን።"

ርእሰ መምህሩ ጻፈው፤ ቀና ብሎም እዚያው ወሰነ። በየወሩ በታላላቆቹ በዓላት ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ የቀረው ትምህርት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይካካሳል። አንድ ሰው "ቅዳሜ ቢሆንስ?" ቢለው "ቅዳሜ መምህራኑ ወደ ከተማ ይወጣሉ" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ተነሥቶ የመረቀው አባቴ ነው፤ "እንዳከበርከን ያክብርህ" ብሎ። ርእሰ መምህሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እዚያ ስብሰባ ላይ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ያለ አንድ ክፉ ሰው እኔን ከትምህርት ቤት አስወጡኝ።

አባቴ ደስ ብሎት ገባ። እናቴ ተቀምጣለች፤ እኔ ቆሜያለሁ።

"በዓላችን ተከበረ" አለ።

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ ምን ሆንሽ?"

"በበዓል ከተዘጋ መቼ ልማር?"

ይህን አላሰበውም ነበር። ከልቡ አሰበ፤ ሲያስብ ግንባሩ ይኮማተራል። "እንግዲህ እኔ አልዘጋሁት" አለ።

"በሥራ ቀን ልሂዳ።"

"ባቄላውን ማን ይነቅላል?"

"ትምህርት ሥራ አይደለም ብለው የለ፣ አባባ?"

"እሱማ አይደለም" አለ፤ አልተቆጣም፣ ሊያስረዳኝ ነው የሚፈልገው። "ስላልሆነ ነው እኮ በሥራ ቀን የማይሆነው።"

አባቴን ያን ቀን ጠላሁት። ኋላ ወደድኩት፣ ሲሞትም አለቀስኩለት፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት። በማግስቱ ባቄላ ስነቅል ሥሩን ሁሉ የአባቴ ጢም ነው እያልኩ ነበር የምጎትተው።

ቀናት አለፉ። በስምንት፣ የአባ ኪሮስ ዕለት፣ ጠዋት ወደ ማሳ ልንወጣ ስንል እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መደብ ላይ ቁጭ አለች።

"ምን ሆንሽ?" አለ አባቴ።

"ዛሬ ስንት ነው?"

"ስምንት ነዋ።"

"በሞትኩት" አለች ቀስ ብላ። "ይህችን ስወልድ ምጡ ጠንቶብኝ አልነበር? ያን ጊዜ አባ ኪሮስን ጠርቼ ተስያለሁ። ልጄ በሕይወት ከወጣች በቀንህ ሥራ አትነካም ብዬ። ይህን ሁሉ ዓመት ረስቼው።"

የአባቴ ፊት ተለወጠ። በእኛ አገር የተሳሉትን መርሳት ቀልድ አይደለም። ቅዱሱ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይመጣል።

"ያ በረዶ" አለ አባቴ።

"እኔም እሱን ነው የማስበው" አለች እናቴ።

የጎረቤታችንን ማሳ ዘሎ የእኛን ገብስ የመታው በረዶ እነሆ መነሻው ተገኘ። አባቴ ከነሐሴ ጀምሮ ምን በድዬ ነው ሲል ከርሟል፤ መልሱን ሲያገኝ እፎይ ያለ ይመስላል። "እንግዲያስ ቁጭ ትበል" አለ።

"እዚህ ከምትቀመጥ ትምህርት ቤት ሄዳ ትቀመጥ እንጂ" አለች እናቴ። "መቀመጥ አይደል?"

አባቴ በራሱ ሕግ ተያዘ። እኔ ደብተሬን ይዤ ሳልጨርስ በሩን አለፍኩ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ማስታወስ ጀመረች። ለአቡነ አረጋዊ ተስላ ኖሯል። ለቂርቆስ ተስላ ኖሯል፤ ሕፃን ስለሆነ ለሕፃን ያዝናል ብላ። ለእስጢፋኖስ፣ ለዑራኤል፣ ለመርቆሬዎስ ተስላ ኖሯል። ኤዎስጣቴዎስን አባቴ በደንብ አያውቃቸውም ነበር፤ ስማቸው ሲረዝምበት ግን ፈራቸው። ምጥ ላይ ሆና የሰማይን ሠራዊት አንድ ሳታስቀር የጠራች ይመስላል፤ እኔ የተወለድኩት በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል ነው። ቀስ ብላ ነበር የምታስታውሰው፤ አንዱን በአንድ ሳምንት፣ ሌላውን በሌላው፤ አባቴ የፊተኛውን ሳይለምድ የኋለኛውን አታመጣበትም።

እኔም የወሩን መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። መቀነስን ተማርኩ። አፍሪካ ተራራ እንዳላት አወቅኩ። ትናንት የሚባል ነገር በእንግሊዝኛም እንዳለ ሰማሁ፤ ዘግይቶ ስለነበር አልያዘኝም። ከሰዓት በኋላ ማካካሻ ሲሰጥም እዚያው ነኝ። ርእሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ባየኝ ቁጥር የማኅበረሰቡ ተሳትፎ ፍሬ አፈራ ብሎ ደስ ይለው ነበር።

አባቴ ሞኝ አልነበረም። ኅዳር ገብቶ አጨዳው ሲደርስ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሲራወጥ፣ እኔ ደግሞ በአንድ ባልታወቀ ጻድቅ ቀን ደብተር ይዤ ስወጣ፣ ነገሩ ከነከነው። የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ቤታችን በገቡ ዕለት፣ ከመረቁና ጠላ ከቀረበላቸው በኋላ፣ ክሱን አቀረበ።

"አባ፣ ይህች ሴት ያልተሳለችለት ቅዱስ የለም። ልጅቱ ሥራ ከነካች ሰነበተች። ይህ ነገር ይጸናል?"

ቄሱ ጠላቸውን ይዘው እናቴን አዩዋት። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

"ምጡ ምን ያህል ቆየብሽ?"

"ሌሊቱንም ቀኑንም ነበር፣ አባ።"

"ረዘም ያለ ነው" አሉ። ጥቂት ጠጡ። በዓሉ ይከበር ብለው ትምህርት ቤቱን ያዘጉት እሳቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ የዘጉት በር የማን እንደነበር አሁን ሳይገባቸው አልቀረም። ከዚያ ፈረዱ። "ስለት ነው፤ ልፍታህ ቢሉት አይፈታም። ነገር ግን አፍ የተሳለውን እጅ ይከፍላል። ልጅቱ ቀኑን ታክብር፤ የልጅቱን ሥራ ግን የተሳለችው ትሥራ።"

አባቴ ምንም እንደማይጎድልበት ሲያይ ደስ አለው። "ይኸማ ፍርድ ነው" አለ። እናቴ "እሺ አባ" ብላ መስቀል ተሳለመች። እሳቸውን ደግ ነበሩ እንዳልል ሸክሙ የማን ጀርባ ላይ እንዳረፈ አይቻለሁ፤ ክፉ ነበሩ እንዳልል ደግሞ ያን ቀን "ውሸት ነው" ቢሉ ኖሮ እኔ ዛሬ ስማዳ ነኝ። ባለሁበት ሙያ ይህን የመሰለውን ነገር በሠንጠረዥ አስገቡት ይሉናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የሁለት ሰው ሥራ ያዘች። የእኔን ባቄላ ነቀለች፣ የእኔን ውኃ ቀዳች፣ የእኔን ኩበት ጠፈጠፈች። ለአባቴ ምሳ ማሳ ድረስ አድርሳ፣ እዚያው አጭዳ፣ ተመልሳ እራት ትሠራለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላግዝሽ ስላት "ቀኑ አላለፈም" ትለኛለች። የሞተር ወፍጮው አርብ ገበያ ነበር፤ ብቅሉ፣ ሽሮው፣ በሶው ግን በቤት በድንጋይ ነው የሚፈጨው። ወገቧን ይዛ ስትነሣ አያታለሁ። ታሳዝነኛለች፤ ተይው፣ ስማዳም ልግባ ለማለት ግን አፌ እንቢ አለኝ። በሬዎቹን አልፈለግኳቸውም።

ታኅሣሥ ላይ፣ በሚካኤል ቀን፣ አባቴ የጽዋ ማኅበር ነበረውና ሄደ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ እኔ ቤት ነኝ። እናቴ በሩን ዘጋች፣ አጎዛ አመጣችና በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ጠቀጠቀችበት። ከዚያ ብቅሉን አውርዳ ወፍጮው ፊት ተንበረከከች።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ብቅሉን ልፍጨው። ነገ አልደርስበትም።"

"ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

የአባ ኪሮስን ማን ያውቅበታል፤ በሚካኤል ቀን ወፍጮ የነካ ሰው ግን በእኛ መንደር አልነበረም። ቢሰማ ስሟ ይጠፋል፣ አባቴ ቢሰማ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሚካኤል ቢሰማ ምን እንደሚሆን አላውቅም። "እኔ ልፍጨው" አልኳት።

"አንቺማ አትነኪውም። የሚቆጠረው በእኔ ይቆጠር።" መጁን አነሣች። "መጽሐፍሽን አምጪና ጮክ ብለሽ አንብቢ።"

ለምን እንደሆነ ገባኝ። የወፍጮ ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። በእጄ የገባው የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ነበር፤ ስለ እኩልነት የሚለው ምዕራፍ። ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው እያልኩ በጉሮሮዬ ልክ ጮህኩ። ሳነብ ድንጋዩ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ለመሳብ ሳቆም ድንጋዩም ይቆማል። ትንፋሼ ሲያጥር እጇ በአየር ላይ ይጠብቀኛል። ያ ምዕራፍ በዚያን ቀን የተነበበውን ያህል በአገሩ ላይ ተነቦ አያውቅም።

በመካከሉ የጎረቤታችን ሴት በደጅ ስታልፍ ሰማችኝ። "እሰይ፣ በርቺ የኔ ልጅ" አለች ከውጭ። "በበዓልም አታርፊ?"

እናቴ እጇ መጁ ላይ እንደሆነ አልተንቀሳቀሰችም። "ማንበብ ሥራ አይደለም" አልኩ እኔ ጮክ ብዬ፣ የአባቴን ቃል ተውሼ። ሴትዮዋ ስቃ አለፈች። እናቴም ሳቀች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነበር ያየሁት፣ ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ሆነ። እኔ በትንንሾቹ ቅዱሳን እማራለሁ፤ እናቴ በታላላቆቹ ቀን አባቴ ከቤት ሲወጣ በር ዘግታ ትሠራለች። ፈረቃ ተለዋወጥን። እኔ ያነበብኳቸው ምዕራፎች ሁሉ ዱቄት አለባቸው። ስለ ፍትሕ የሚለውን በገብርኤል ሽሮ አስፈጭቼበታለሁ፤ የወንዞቹን ስም በማርያም በሶ። ደግሞ ጮክ ብሎ ያነበቡት ነገር አይረሳም፤ ዛሬም ሥነ ዜጋን በቃሌ ልወጣው እችላለሁ።

ሚኒስትሪን አለፍኩ። በሒሳቡ ላይ የክፍልፋይ መቀነስ መጣ፤ በእንግሊዝኛው ትናንት የሚባለው መጣና እንደልማዴ አሁን አደረግኩት፤ ግን አለፍኩ። አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ሽማግሌዎቹን "ቅዱሳኑ የእኔ ናት ብለዋል፤ እኔ ምን ላድርግ" አላቸው። የትኛው ቅዱስ እንደረዳኝ መለየት ስላቃተው ለደብሩ ታቦት አንድ ጃንጥላ አስገባ፤ እርስ በርሳቸው ይካፈሉት ብሎ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ ከእኛ ቤት ወጥተው የክፍል ጓደኛዬ ቤት ገቡ። ደብተሯን የምታስገለብጠኝ ልጅ ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ጎበዝ። እሷ በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት ትማር ነበር፤ ማካካሻው ከሰዓቱንም ሲወስድ ቤቷ ለሥራ ፈለጋትና ቀረች፤ ፈተናው ላይ አልተቀመጠችም። እናቷ የመሳል ብልሃት አልነበራትም፤ ይኸው ነው ልዩነቱ። በጥር ወሰዷት። አንዱ ተነሥቶ ጎበዝ ልጅ የትም ቢሆን ያልፋል ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ክረምት እናቴን ልጠይቅ መንደር ወረድኩ። ምስር እየለቀምን ነው። ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳት።

"ያን ሁሉ ስለት እውነት ተስለሽው ነበር?"

"የቱን ሁሉ?"

"አባ ኪሮስን፣ ቂርቆስን፣ ኤዎስጣቴዎስን።"

ሳቀች። "ኤዎስጣቴዎስን እኔ የት አውቃቸውና። ከዲያቆኑ ጠይቄ ነው።"

"ታዲያ አንዱም እውነት አልነበረም?"

"አንዱ እውነት ነው" አለች፤ ጠጠር ለቅማ ጣለች። "ሚካኤል። ልጄን በሕይወት ስጠኝ እንጂ እስክሞት ድረስ በቀንህ ወፍጮ አልነካም ብዬው ነበር።"

በሩ ሥር የተጠቀጠቀው አጎዛ፣ ብቅሉ፣ በአየር ላይ የሚጠብቀኝ እጇ መጣብኝ።

"በሚካኤል ቀን ነዋ የፈጨሽው።"

"በሚካኤል ቀን ነው።"

"አልፈራሽም?"

"ፈራሁ እንጂ። አንቺ ስትጮኺ እኔ እሱን እለምነው ነበር። ልጄን ስጠኝ ብዬ ተሳልኩ፣ ሰጠኸኝ፤ አሁን ሊወስዱብኝ ነው፣ ትንሽ ታገሠኝ አልኩት።"

"ታገሠሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "ይኸው አለሽ አይደል" አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እኔ የማምነውንና የማላምነውን ለይቼ የጨረስኩ ሰው አይደለሁም፤ ቅዱሳንንም ስቀልድባቸው ነው የኖርኩት። ነገር ግን ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቢሮ አልገባም፣ ስልክ አላነሣም፣ አንዲት መስመር ሪፖርት አልጽፍም። ባልደረባዬ "አንቺም?" ይለኛል፤ ገጠሩን አንሥቶ ሊያስረዳኝ ይጀምራል። ስለት አለብኝ እለዋለሁ። የማን እንደሆነ አልነግረውም። ቤቴን ዘግቼ መጽሐፍ አነሣና ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ትንፋሽ ለመሳብ ሳቆም ትንሽ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ማንበብ ሥራ አይደለም።